ከኮቱ በፊት ትከሻውን ለኩት

ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ልብስ አይደለም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጉልበቴ፣ እጄና ጎድኔ ላይ የበቀሉ የአጥንት እብጠቶች አሉ። አባቴም ነበሩበት። አሁን የ12 ዓመት ልጄም አሉበት። ሐኪሞች መልቲፕል ኦስቲኦኮንድሮማ ይሉታል። ከ50 ሺህ ሰው አንዱ ላይ ገደማ የሚገኝ በሽታ ነው። ከወላጆች አንዱ ካለበት፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። እርግማን አይደለም። በዚህ ሰበብ ልጃቸውን ከሰው የሚደብቁ እናቶች አውቃለሁ፤ አንጀቴን ይበላኛል።

አብዛኞቹ እብጠቶች ዕድሜ ልክ ካንሰር ሳይሆኑ ይኖራሉ። ነገር ግን ከ100 ሕመምተኞች ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ አንዱ እብጠት ወደ ካንሰር ይለወጣል። ኮንድሮሳርኮማ ይባላል። አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ብራኳው ላይ ያለችውን እብጠት ለዓመታት በጋቢ ሸፍኖ ኖረ። በ44 ዓመቱ ኮቱ ጠበበው። ስፌቱን ለቅቄ አሰፋሁለት። በዓመቱ እንደገና አሰፋሁለት። ስላላመመው ማናችንም አልደነገጥንም። ቆይቶ ማመም ሲጀምር ወጌሻ ለወራት አሸው። ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ረፍዶ ነበር።

ስለዚህ ለኩ። እኔ በዓመት ሁለቴ እለካለሁ፤ በቃና ዘገሊላና በሐምሌ አቦ። ቀኑ እንዳይረሳኝ ነው። ደብተር ላይ የሰው አካል ሣሉ፣ ለእያንዳንዱ እብጠት ቁጥር ስጡ። የልብስ ሰፊ ሜትር ቆዳው ላይ አሳርፉ፣ ሳትጫኑ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም። ሁልጊዜ ያው ሰው ይለካ፤ ተለኪውም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ይሁን።

የልጅ ከሆነ ቁመቱንም በር መቃን ላይ ምልክት አድርጉ። ልጅ እያደገ እብጠቱ ቢያድግ የሚጠበቅ ነው። ቁመት ሲቆም እብጠቱም መቆም አለበት። ከዚያ በኋላ ከጨመረ ሳምንት አትጠብቁ። አዲስ ሕመም ከመጣም፣ በተለይ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ እንደዚያው። አላመመኝም ብሎ መቀመጥ ግን አባቴን ጎድቶታል።

ሜትር የማይደርስበት ቦታ አለ። ዳሌ፣ አከርካሪ፣ የብራኳ ውስጥ በኩል። ካንሰሩ ደግሞ እንዲህ ወደ መሃል አካል ባሉት ላይ ይበልጥ ያጋጥማል። ስለዚህ እድገት ሲያበቃ የእነዚህን ቦታዎች ምስል ማስነሣት ይቻል እንደሆነ ሐኪም ጠይቁ፤ ፊልሙንም እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡት። ለኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናል።

እብጠቱ አናት ላይ እንደ ጆሮ ያለ ለስላሳ አጥንት ክዳን አለው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የውስጥ አካል ምስል) ስትነሡ «የክዳኑ ውፍረት ስንት ነው?» በሉ። በአዋቂ ሰው ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ጥርጣሬው ከባድ ነው። ከእብጠቱ ለምርመራ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ምስሉ ይቅደም፤ ናሙናውንም ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ቡድን ቢወስድ ይሻላል። ለዚህ ካንሰር ኬሞቴራፒና ጨረር ብዙም አይሠሩለትም፤ ዋናው መድኃኒት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት ነው። ለዚህ ነው በጊዜ መድረስ እንዲህ የሚያስጨንቀኝ። እባካችሁ እብጠቱን ለማሸት ለማንም አትስጡ።

ባለፈው ቃና ዘገሊላ የልጄ የጉልበት እብጠት 6 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ከሐምሌው በትንሹ ጨምሯል። ቁመቱም 3 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ነበር። ሁለቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ሜትሩን ከእጄ ወሰደና «አሁን ያንቺ ጎድን» አለኝ።