ባለ 5 ዋት የቫልቭ ጊታር አምፕ ከኪት ስንገጣጥም

ፌንደር ቻምፕ የሚባለው ትንሽ የጊታር አምፕ፣ 5ኤፍ1 በተባለው ሰርኪዩቱ፣ የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው። ሦስት ቫልቭ (ሲሞቅ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ)፣ አንድ የድምፅ ማዞሪያና አንድ ባለ 8 ኢንች ስፒከር አለው፤ የባስና የትሬብል ማስተካከያ እንኳ የለውም። ዛሬ ቅጂው በኪት ይሸጣል፤ ትራንስፎርመሮቹ፣ ሻሲው (ዕቃው የሚታሰርበት ብረት)፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹና ጥቃቅኑ ዕቃ በአንድ ካርቶን ይመጣል። ጉልበቱ 5 ዋት ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል እንጂ ለሳሎን፣ ለልምምድ ቤት፣ ለአነስተኛ ጠጅ ቤትም ይበቃል፤ ጊታርም ይሰካበት ክራር።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ይህ ሳጥን ውስጡ 350 ቮልት ገደማ ዲሲ ይዟል። ስፒናው ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ያንን ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፣ በተለይ ቫልቮቹ ካልተሰኩ። እጅ ከመግባቱ በፊት በ10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (እግሮቹ በናስትሮ ተጠቅልለው) ከእያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ወደ ሻሲው ለጥቂት ሰከንድ አገናኙ፤ ከዚያ በቴስተር ዜሮ መድረሱን እዩ። ዜሮ ካላያችሁ አትንኩ። ኤሌክትሪክ ሲለካም አንድ እጅ ብቻ ይሥራ፤ ጥቁሩ ሽቦ በቁንጥጫ ሻሲው ላይ ይያዝ፣ ግራ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ኪት ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ዋናው ጥያቄ ስለ ፓወር ትራንስፎርመሩ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ብዙዎቹ ኪቶች ግን ለአሜሪካ የተሠሩ ናቸው፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። እሱን ቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት ትራንስፎርመሩን ማቃጠል ነው። ቮልት ዝቅ በሚያደርግ ሌላ ትራንስፎርመር በኩል ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን ለ60 ኸርዝ ብቻ የተጠቀለለው በ50 ላይ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ 220፣ 230 ወይም 240 መግቢያ ያለውንና 50 ኸርዝ የተጻፈበትን እዘዙ። የ230ም የ240ም መግቢያ ካለው 230ውን ምረጡ። የቫልቮቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ መብራታችን 220 ሲሆን የ230 መግቢያ 6.0 ይሰጣል፣ የ240ው ደግሞ 5.8 ገደማ። የተፈቀደው የታች ወሰን 5.7 ስለሆነ፣ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ቮልቱ በሚወርድበት ሰፈር በ240 መግቢያ ላይ ያለ አምፕ ድምፁ ይደክማል። ለሦስት አራት ቀን ማታ ማታ የግድግዳውን ቮልት ለክታችሁ ጻፉ።

ካርቶኑ ሲከፈት ብየዳ አይጀመርም፤ ቆጠራ ነው። ለ5ኤፍ1 የሚያስፈልጉት ሬዚስተሮች እነዚህ ናቸው፦ 68 ኪሎ ኦም ሁለት፣ 1 ሜጋ ኦም አንድ፣ 1.5 ኪሎ ኦም ሁለት፣ 100 ኪሎ ኦም ሁለት፣ 220 ኪሎ ኦም አንድ፣ 22 ኪሎ ኦም ሁለት (አንዱ ግማሽ ዋት፣ አንዱ 1 ዋት)፣ 10 ኪሎ ኦም 1 ዋት አንድ፣ 470 ኦም አንድ። ካፓሲተር፦ 0.022 ማይክሮ ፋራድ ሁለት፣ 25 ማይክሮ ፋራድ በ25 ቮልት አንድ፣ ለፓወሩ 16 አንድና 8 ሁለት። የድምፅ ማዞሪያው 1 ሜጋ ኦም ነው። ቫልቮቹ 12ኤኤክስ7 (የመጀመሪያው ማጉያ)፣ 6ቪ6 (ለስፒከሩ ጉልበት የሚሰጠው) እና 5ዋይ3 (ኤሲውን ዲሲ የሚያደርገው) ናቸው።

እያንዳንዱን ሬዚስተር በቴስተር ለኩ፤ በቀለም ብቻ አትመኑ። 220 ኪሎው ቀይ ቀይ ቢጫ፣ 22 ኪሎው ቀይ ቀይ ብርቱካናማ ነው፤ በአምፖል ብርሃን ሁለቱ አይለዩም። ሁለቱ ከተለዋወጡ አምፑ ይሠራል፣ አያጨስም፣ ግን ድምፁ ልክ አይመጣም፤ ስህተቱ ደግሞ በዓይን አይያዝም።

ሁለት ዕቃ ላይ ኪቱ የሰጣችሁን ብትቀይሩ ይሻላል። የ470 ኦሙ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ 1 ዋት ሆኖ ይመጣል። 19 ቮልት ይቀመጥበታል፤ ይህ 0.77 ዋት ሙቀት ነው፣ ጠርዝ ላይ ነው ያለው። 5 ዋቱን አድርጉ። የፓወሩ ካፓሲተሮችም 450 ቮልት ከሆኑ በ500 ተኩ፤ ምክንያቱ ታች ይመጣል።

ለመበየድ ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ ሶልደሪንግ አይረንና መሐሉ ሙጫ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሊድ ይበቃል። ለራዲያተርና ለላሜራ የሚሆነው አሲድ እንዳይነካው፤ ከወራት በኋላ ሽቦውን ይበላዋል። ብየዳው ሲበርድ የሚያበራና ሽቦውን የተከተለ ካልሆነ፣ ደብዝዞ እንደ እህል ፍሬ ከተድቦለቦለ፣ አልያዘም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ በሆነበት ክፍል፣ መስኮት ተከፍቶ ሻሲ ላይ መበየድ አይሆንም፤ ወፍራሙ ብረት ሙቀቱን ይጠጣዋል። የሻሲ ግራውንድ በብየዳ ሳይሆን በቡሎን፣ በጥርሳም ሮንዴላና በዳዶ ይታሰር።

የቫልቭ መቀመጫ እግር የሚቆጠረው ከታች፣ ከብየዳው በኩል እየታየ፣ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው። ከላይ ቆጥሮ የጀመረ ሰው ሁሉንም ገልብጦ ይጨርሳል። ፕሌት፣ ስክሪን፣ ግሪድና ካቶድ የሚባሉት በቫልቩ ውስጥ ያሉ ክፍሎች ናቸው፤ ድምፁ የሚገባው በግሪዱ ነው። በ6ቪ6 ላይ ማሞቂያው 2 እና 7፣ ፕሌቱ 3፣ ስክሪኑ 4፣ ግሪዱ 5፣ ካቶዱ 8 ነው። በ5ዋይ3 ላይ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት 4 እና 6 ላይ ይገባል፣ ዲሲው ከ8 ይወጣል። በ12ኤኤክስ7 ላይ 4 እና 5 በአንድ ይታሰራሉ፣ ሌላው የማሞቂያ ሽቦ 9 ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚዘረጋው የ6.3 ቮልቱ ማሞቂያ ሽቦ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እንደ ሹሩባ ጠበቅ ብለው ይጎንጎኑ፣ የሻሲውን ጥግ ይዘው ይሂዱ፣ ከግሪድ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን እንዳይተኙ። መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ብለው እንደ መስቀል ይሻገሩ። ትራንስፎርመሩ ለማሞቂያው የመሐል ሽቦ ከሌለው ከሁለቱም ጎን አንዳንድ 100 ኦም ሬዚስተር ወደ ሻሲ ይታሰር። ይህን የዘለለ አምፕ ዕድሜውን ሙሉ ያጉረመርማል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አለው፤ ተገልብጦ የገባ ይግልና ይፈነዳል።

የያኔው አምፕ ባለ ሁለት ሽቦ ገመድ ነበረው። በዚህ ነገር ላይ ለኦሪጅናሉ ታማኝ መሆን አያስፈልግም፤ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አስገቡበት። ቢጫ አረንጓዴው ግራውንድ ለብቻው በተበሳ ቀዳዳ፣ በራሱ ቡሎን ሻሲው ላይ ይታሰር፤ የትራንስፎርመሩን ቡሎን አይጋራ። ከሌሎቹ ሁለት ሽቦዎች ረዘም ይበል፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚበጠሰው እሱ እንዲሆን። ፊውዙ በመግቢያው ላይ 1 አምፔር፣ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት ይሁን። ስፒናችን ተገልብጦም ስለሚገባ ፌዙ በየትኛው ሽቦ እንደሚመጣ ዋስትና የለም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ይሁን። እና ሌላ ነገር፦ ብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ዲጂታል ቴስተር እዚህ ላይ የውሸት ቮልት ሊያሳይ ስለሚችል በኤሌክትሪሻን አስፈትሹት።

አሁን መብራት ይሰጠው። ግን ቀጥታ አይደለም። የድሮውን ባለ ክር 60 ዋት አምፖል ከፌዙ ሽቦ ጋር በተከታታይ ያስገባችሁበት ማራዘሚያ ሥሩ፤ ኤልኢዲና ቆጣቢ አምፖል ለዚህ አይሆንም። ቫልቮቹ ሳይሰኩ አብሩ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም በጣም ከደበዘዘ ደኅና ነው። ድምቅ ብሎ ከቀረ ሾርት አለ፤ አጥፉና ፈልጉ። አምፖሉ ባይኖር ትራንስፎርመሩን የሚበላውን እሳት እሱ ይወስደዋል። በዚሁ ሁኔታ የማሞቂያውን 6.3፣ የ5ዋይ3ን 5 ቮልት፣ ከዚያም 4 እና 6 ላይ ከ325 ቮልት ኤሲ ከፍ ዝቅ የሚለውን ለኩ።

ቀጥሎ ሦስቱንም ቫልቭ አንድ ላይ ሰኩ፣ ስፒከሩን አገናኙ። 5ዋይ3ን ብቻውን ሰክቶ መሞከር ትልቅ ስህተት ነው። ጭነት ከሌለ 325 ቮልት ኤሲ በካፓሲተሩ ላይ ወደ 460 ቮልት ዲሲ ይወጣል፤ ባለ 450ው ካፓሲተር ከወሰኑ አለፈ ማለት ነው። 500ውን አስገቡ ያልነው ለዚህ ነው። ስፒከር ሳይገናኝ ማጫወትም አይገባም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ (በ6ቪ6ና በስፒከሩ መካከል ያለው) ሊቃጠል ይችላል።

አምፖሉ መጠነኛ ብርሃን ይዞ ከተረጋጋና የሚያጨስ ነገር ከሌለ ማራዘሚያውን አውጥታችሁ በቀጥታ ሰኩ። የሚጠበቀው ንባብ ይህ ነው፦ 6ቪ6 እግር 3 ላይ 340 ገደማ፣ እግር 4 ላይ 300 ገደማ፣ እግር 8 ላይ ከ18 እስከ 20፤ 12ኤኤክስ7 እግር 1 እና 6 ላይ 150 ገደማ፣ 3 እና 8 ላይ ከ1 እስከ 2 ቮልት። ሃያ ከመቶ ወዲያ ወዲህ ቢል አያስደንግጣችሁ። ነገር ግን 6ቪ6 ስንት ዋት እየተሸከመ እንደሆነ አስሉ። እግር 8 ላይ 19 ቮልት ካለ፣ ለ470 ሲካፈል 40 ሚሊ አምፔር ይሆናል፤ ለስክሪኑ የሚሄደውን 2 ሚሊ አምፔር ገደማ ቀንሱና በፕሌቱና በካቶዱ መካከል ባለው 321 ቮልት አባዙት፤ 12 ዋት ይመጣል፣ ጥሩ ነው። ከ14 ካለፈ 470ውን በ560 ኦም ቀይሩ።

አብርታችሁ በኃይል ከጮኸ፣ ማዞሪያው ሳይነካ እንኳ የሚያፏጭ ከሆነ፣ አትደንግጡ። ከስፒከሩ ወደ ሁለተኛው የ12ኤኤክስ7 ካቶድ በ22 ኪሎ ኦም የሚመለስ ድምፅ አለ፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሽቦ ከተገለበጠ የሚመለሰው ድምፅ ማብረድ ትቶ ያቀጣጥላል። አጥፉ፣ ካፓሲተሮቹን አራግፉ፣ ከመውጫ ትራንስፎርመሩ ወደ ስፒከር የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ከትራንስፎርመሩ በኩል አለዋውጡ። ዝም ይላል።

ማጉረምረም ግን ጆሮ ይፈልጋል። ጊታሩን አስተካክላችሁ የወፍራሙን ክር (6ኛውን) ሦስተኛ ፍሬት ያዙና ከጉርምርምታው ጋር አስተያዩት። ከእሱ ጋር ከገጠመ 100 ኸርዝ ነው፤ ችግሩ የፓወር ካፓሲተር ወይም የእሱ ግራውንድ ነው። ከእሱ አንድ ኦክታቭ ወርዶ የሚያጉረመርመው 50 ኸርዝ ነው፤ ወደ ማሞቂያው ሽቦና ወደ መግቢያው ጃክ ሂዱ። የድምፅ ማዞሪያው ሲዞር ጉርምርምታው አብሮ የሚያድግ ከሆነ ምንጩ ከማዞሪያው በፊት ነው። 12ኤኤክስ7ን ነቅላችሁም ካለ፣ ከ6ቪ6 ወይም ከፓወሩ ነው።

ቋ ቋ ወይም ጭር ጭር የሚል ድምፅ ካለ እያንዳንዱን ቫልቭና ብየዳ በደረቅ መፋቂያ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉ። መፋቂያው የከረመና ፍጹም የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሲነካ የሚጮኸው ብየዳ ያልያዘው ነው፤ ቫልቩ ራሱ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ከሆነ ቫልቩ ይቀየራል።

ለክራርና ለማሲንቆ ጥቂት ቃል። የጊታር ማግኔት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው) የሚሰማው የብረት ክር ብቻ ነው። ክራሩ የጅማት ወይም የናይለን ክር ካለው፣ ማሲንቆም ከሆነ ክሩ የፈረስ ጭራ ስለሆነ፣ በቆዳው ወይም በእንጨቱ ላይ የሚለጠፍ ፒዞ (ንዝረት የሚቀበል ፒክአፕ) ያስፈልጋል። ፒዞውን ሁልጊዜ ከሁለቱ የመግቢያ ጃኮች ቁጥር 1 ላይ ሰኩ፤ መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ነው። ቁጥር 2 136 ኪሎ ኦም ብቻ ነው፤ ድምፁን በግማሽ ይቀንሳል፣ የፒዞውንም ወፍራም ድምፅ ይበላል። ማሲንቆው ከስፒከሩ ጎን እንጂ ፊት ለፊቱ አይቁም፤ ቆዳው ድምፁን መልሶ ይቀበልና ያፏጫል።

ለሳጥኑ የደረቀ ጥድ ወይም ኮምፔንሳቶ ጥሩ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ጀርባው በከፊል ክፍት ይሁን፤ 6ቪ6ና 5ዋይ3 ጣት የሚያቃጥሉ ናቸው። ጎኖቹን በመንዝ ባና ማልበስ ያምራል፤ ከቫልቮቹ ራቅ እስካለ ድረስ ችግር የለውም። የስፒከሩን ፊት ግን በባና አትሸፍኑ፣ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። አፋችሁን አስጠግታችሁ እፍ ስትሉበት በቀላሉ የሚያሳልፍ ስስ ጨርቅ፣ ነጠላ የመሰለ፣ ይሁን።

ከጣርማበር ጉም ወይም ከሌሊት ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ አምፕ ላዩ ላይ ወዝ ያወጣል፤ ውስጡም እንዲሁ ነው። አንድ ሰዓት ሳይበራ ይቆይ። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ የሚጫን ከሆነ ሁለቱን ትላልቅ ቫልቮች ነቅላችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ በኮረኮንች መንገድ ከመቀመጫቸው ይወጣሉ። መጨረሻ የለካችኋቸውን ቮልቶች ሁሉ፣ የዚያን ቀን የግድግዳውን ቮልት ጨምራችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ከሳጥኑ ውስጥ ለጥፉ፤ ነገ ድምፁ ሲለወጥ ቴስተሩ የሚያነጻጽረው በእሱ ነው።