ከሜልበርን እስከ ኬርንስ በቫን፦ ባልና ሚስት ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ያለው ቤታችን የእንግዳ ማረፊያ ከሆነ ቆይቷል። አዲስ የተጋቡ፣ ከፐርዝ ብቅ ያሉ፣ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጡ ጥንዶች ቡና እየጠጡ ስልካቸውን አውጥተው ካርታ ያሳዩኛል። «ጋሼ፣ የ14 ቀን ፈቃድ አለን። ቫን ተከራይተን በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን ነድተን ኬርንስ ደርሰን እንመለሳለን። በትንሽ ብር ነው ያሰብነው። እንዴት ያዩታል?»

እኔ ባለቤቴን አያታለሁ። እሷ ጀበናውን ታያለች። ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ እቅድ፣ 14 ቀኑን ጨምሮ፣ ያወጣሁት እኔ ነኛ።

ኪሎ ሜትሩን አለመደመር

አውስትራሊያ ስልክ ላይ መዳፍ ታክላለች። ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ያህል የምትሆን አገር መሆኗን ስልኩ አይናገርም። እስቲ እንደምር። ከሜልበርን ሲድኒ በባሕሩ በኩል ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሲድኒ ብሪስቤን 900 እና ከዚያ በላይ። ከብሪስቤን ኬርንስ 1,700 ገደማ። ይህ የመጨረሻው ብቻውን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ስድስት ጊዜ እንደመሄድ ነው። ሲጠቃለል 3,600፤ ከነመመለሻው 7,200። ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን ከ500 በላይ። ያለ አንድ ቀን እረፍት። ይሄ ሽርሽር ነው ወይስ የሹፌርነት ሥራ?

«መንገዱ አስፋልት ነው ጋሼ፣ በአምስት ሰዓት እንገባለን» ይሉኛል። አትገቡም። ከብሪስቤን በላይ ያለው ብሩስ ሀይዌይ አብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ነው። ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ከሚጎትት ጡረተኛ ኋላ ተሰልፋችሁ ለመቅደም ቦታ ስትጠብቁ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ደግሞ ማንም አስቀድሞ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ከሀይዌዩ አብዛኛውን መንገድ ባሕሩ አይታይም። እኔም ባሕሩ በስተቀኜ እያብረቀረቀ የምነዳ መስሎኝ ነበር። ያየሁት ባሕር ዛፍ ነው። ቀን ሙሉ ባሕር ዛፍ! እንጦጦን ያየ ሰው ይህን ለማየት ብር አይከፍልም። ባሕሩን ለማየት ከዋናው መንገድ መውጣት፣ አሥርም ሃያም ኪሎ ሜትር ወደ ዳር መግባት፣ ከዚያ መመለስ ያስፈልጋል። የቸኮለ ሰው ደግሞ አይገባም። «ስንመለስ እናየዋለን» ይላል። ስንመለስማ ይበልጥ ቸኩለን ነበር።

ችኮላ ብርም ይበላል። የተከራየናት ቫን ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ትጠጣ ነበር። ለ7,200 ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደሚሆን ራሳችሁ አባዙት። የቸኮለ ሰው አያበስልም፤ ማደያ ውስጥ የደረቀ ሳንድዊች ይገዛል። የመሸበት ቦታ የተጠየቀውን ከፍሎ ያድራል። ዋናው ጉድ ግን መምሸቱ ነው።

ከመሸ በኋላ መንዳት

ጁላይ ነበር። በዚያ ወር በደቡብ በኩል ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ገና ሁለተኛ ቀናችን። ካን ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ ደርሰን ባለቤቴ «እዚሁ እንደር» አለች። እኔ በእቅዴ መሠረት ኤደን ማደር ነበረብኝ። «አንድ ሰዓት ተኩል ብትሆን ነው» አልኳት። መንገዱ ጫካ ለጫካ ነው። የስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። አንዷ ካንጋሮ ስታልፍ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆመችልኝ ብዬ እግሬን ሳነሳ ተከታይዋ መጣች። አንድ ካንጋሮ ካያችሁ ሁለተኛ አለ፤ ይህን ያወቅኩት በዚያች ምሽት ነው። የፊት ፓራውልቱ ተሰበረ፣ ራዲያተሩ ተበሳ። ጎታች መኪና እስኪመጣ ድረስ ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አከራዩ ጋ ስንደውል ውሉን አነበቡልኝ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከከተማ ውጭ ለደረሰ ጉዳት ኢንሹራንሱ አይሠራም ይላል። ፈርሜበታለሁ። ብዙ የቫን አከራዮች ይህ አንቀጽ አላቸው፤ ካንጋሮና ዎምባት የሚባለው ድብልብል እንስሳ መንገድ ላይ የሚበዙት ልክ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ስለሆነ። አንብቡት። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ቁሙ። እንስሳ ድንገት ከገባባችሁ መሪ አትጠምዝዙ፤ ቀጥ ብላችሁ ፍሬን ያዙ። ሰው የሚሞተው ካንጋሮዋን ሊያድን ዛፍ ሲመታ ነው።

ለእንግዶቼ አሁን የምለው ይህን ነው፤ 14 ቀን ካላችሁ አንዱን ቁራጭ ምረጡ። ወይ ከሜልበርን ሲድኒ፣ ወይ ከብሪስቤን ኬርንስ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነዱና በአውሮፕላን ተመለሱ። አከራዮች ቫን አንድ ከተማ ሲጠራቀምባቸው በቀን 1 ዶላር የሚያስነዱበት ጊዜም አለ፤ ቫኑን ወደሚፈለግበት ከተማ ማድረስ ነው ሥራችሁ። ግሩም ነገር ነው፤ ግን የሚሰጧችሁ ቀን ጥቂት ስለሆነ እንደገና ሩጫ ውስጥ እንዳትገቡ።

ወቅቱን መገልበጥ

ሰው ሁሉ ለገና ፈቃድ ወስዶ ወደ ሰሜን መሄድ ይፈልጋል። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ኬርንስ አካባቢ ወበቅ፣ ዝናብና ሳይክሎን ነው፤ ጎርፍ ብሩስ ሀይዌይን የሚዘጋበት ቀን አለ። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ባሕሩ ውስጥ ገዳይ ጄሊፊሽ ይኖራል። የባሕሩ ዳር ላይ ኮምጣጤ በጠርሙስ ተሰቅሎ ስታዩ ለሰላጣ አይደለም፤ ጄሊፊሽ ለነደፈው ሰው ማፍሰሻ ነው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ የካራቫን ፓርኩ ዋጋ ጣሪያ ይነካል። ሰሜኑን በጁንና በኦገስት መካከል፣ ደቡቡን በሙቀቱ ወራት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ሂዱ። በጁን ዓሣ ነባሪዎቹም ከአንታርክቲካ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ከዳር ቆሞ ማየት ይቻላል። በነፃ።

ባሕሩን ላንጋኖ ማድረግ

ላንጋኖ የዋኘ ሰው ውሃ የሚያውቅ ይመስለዋል። ላንጋኖ ግን አይጎትትም። እዚህ ሪፕ የሚባል ነገር አለ። ማዕበል ወደ ዳር ያመጣው ውሃ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚወጣበት መስመር ነው። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፤ ሪፑ ያለበት ቦታ ላይ ማዕበሉ ብዙም አይሰበርም። ጸጥ ያለና ጠቆር ያለ ይመስላል። ስለዚህ መዋኘት የማይችለው ሰው «ይሄኛው ይሻላል» ብሎ የሚገባው እዚያው ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ በዓይኔ እያየሁ እንዲህ አድርጎ ገብቷል። በሰርፍ ሰሌዳ ያወጣው አንድ ጎረምሳ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች በተተከሉበት መካከል ብቻ ግቡ። ነፍስ አድን ሠራተኞች የሚጠብቁት እዚያ ነው። ባንዲራ ከሌለ እግራችሁን ብቻ አርጥቡ። ሪፕ ከያዛችሁ ወደ ዳር አትታገሉ፤ ጉልበታችሁ ያልቃል። ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ፣ ሲላላ ወደ ጎን ዋኙ። «እኔ ጎበዝ ዋናተኛ ነኝ» ለሚል አንድ ነገር ልንገር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት ከሜልበርን ብዙ በማይርቅ ዳርቻ ሊዋኝ ገብቶ አልተመለሰም። ሬሳውም አልተገኘም። ዋና የሚወድ፣ ባሕር የለመደ ሰው ነበር።

ከሮክሃምፕተን ወደ ሰሜን ደግሞ የአዞ ምልክት ካያችሁ ወንዝ ዳር ድስት እንኳ አትጠቡ።

ከሰል

ይሄ የእኛው ነው። ባለቤቴ ካለ ጀበና አትጓዝም፤ እኔም አልከራከርም። አንድ ጃንዋሪ ሜልበርን ባለችበት ክፍለ ግዛት፣ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ካምፕ ቦታ ከሰል አቀጣጠልን፣ ዕጣንም ጨመርን። አንድ ሽማግሌ ከጎረቤት ካራቫን በባልዲ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ። ለካ ቀኑ እሳት በአዋጅ የተከለከለበት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከቤት ውጭ ከሰልም እንጨትም ማንደድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ቀልድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ወይም በስልክ አረጋግጡ። ሽማግሌው እሳቱን አጥፍቶ ወደ ካምፑ ማብሰያ ክፍል ወሰደን። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፈላን፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይዘል ጠጣልን።

ዝናብ ነው ብላችሁ ከሰሉን ቫን ውስጥ እንዳታስገቡት ብቻ። የከሰል ጭስ ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ።

ጥብስ ካማራችሁ በየባሕሩ ዳር መናፈሻ ውስጥ ቁልፍ ተጭነው የሚያግሉት የኤሌክትሪክ መጥበሻ አለ። አብዛኛው ነፃ ነው። ስትጨርሱ አጽዱት፤ አበሻ አስቀየመን እንዳይባል።

ያገኙት ቦታ ማደር

«በነፃ እናድራለን» ብሎ የባሕር ዳር መኪና ማቆሚያ ላይ መጋረጃ መዝጋት። ሰሌዳውን አንብቡ። ባይረን ቤይን የመሰሉ ከተሞች በዚህ ተማርረዋል። የእኛን በር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው ያንኳኩት። ቅጣቱ ካራቫን ፓርክ ሁለት ሌሊት ያሳድረን ነበር። የተፈቀዱ ነፃ ማደሪያዎች ሞልተዋል፤ ዊኪካምፕስ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ያሳያችኋል። ብሪስቤንና ኬርንስ ባሉበት ክፍለ ግዛት፣ በኩዊንስላንድ፣ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለማደር ግን ቀድሞ በኢንተርኔት መመዝገብ ግዴታ ነው።

ጥቃቅኖቹ

የሲድኒ፣ የሜልበርንና የብሪስቤን ክፍያ መንገዶች ገንዘብ ተቀባይ የላቸውም። ካሜራ ያነሳችኋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ራሳችሁ ካልከፈላችሁ አከራዩ የራሱን ጨምሮ ይልክላችኋል።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፦ ቋንጣና ቅቤ ተዉት። ሽሮና በርበሬውን ኤርፖርት ላይ ፎርሙ ላይ ጻፉ። መደበቅ ነው የሚያስቀጣው።

በሙቀቱ ወራት ሲድኒ ያለችበት ኒው ሳውዝ ዌልስ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ያስቀድማል፣ ኩዊንስላንድ አያስቀድምም። የእኛን አቆጣጠር ስትጨምሩበት ድንበር ላይ ሦስት ሰዓት ይዛችሁ ትቆማላችሁ።

የማይገባው ቦታ ላይ መቆጠብ

የካንጋሮዋ ዕዳ ኤደን ላይ ሦስት ቀን አስቆመን። ሌላ ቫን ሰጡን። ከዚያ እስከ ኤርሊ ቢች አራት ቀን እንደ እብድ ነዳሁ። ኤርሊ ቢች ማለት ወደ ዊትሰንዴይ ደሴቶች ጀልባ የሚነሳበት ነው። ኋይትሄቨን የሚባለው ነጭ አሸዋ ያለው እዚያ ነው። ባለቤቴ ከሜልበርን ስንነሳ የጠየቀችው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ደብተሬን አወጣሁ። ነዳጅ፣ ጎታች፣ ጉዳት፣ ሳንድዊች። «ብሩም ቀኑም አልቋል» አልኳት። 3,000 ኪሎ ሜትር ነድተን ከወደቡ ጀልባዋ ስትሄድ አይተን ተመለስን። ኬርንስንም እስከ ዛሬ አላየናትም።

ከዚያ ወዲህ በባሕሩ ዳር ቆራርጠን አራት ጊዜ ተጉዘናል። ነገሩ አይነሳም። የማይነሳው ስለተረሳ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ለመጪው ጁላይ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ከብሪስቤን ኬርንስ፣ 16 ቀን፣ አንድ አቅጣጫ። ወጪ ልጽፍ ስገልጠው የመጀመሪያው መስመር ተይዟል። በእሷ እጅ ጽሑፍ «ጀልባ» ይላል፤ ሁለቴ ተሰምሮበታል። እኔም ከሥሩ «ነዳጅ» ብዬ ጻፍኩ።