ሾውሪል፣ ፖርትፎሊዮና የቢዝነስ ካርድ፦ የአኒሜሽን ተማሪ ሥራውን እንዴት ያስተዋውቃል?

አኒሜተር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚለው «እስቲ ሥራህን አሳየኝ» ነው። የምረቃ ወረቀቱ ኋላ ይጠየቅ ይሆናል፤ ሾውሪሉ፣ ማለትም ምርጥ ሥራዎች የተሰበሰቡበት አጭር ቪዲዮ፣ ግን ይቀድመዋል። ስለዚህ እስክትመረቁ አትጠብቁ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲመጣ ሌሊቱም ቀኑም ለእሱ አይበቃም፤ በዚያ መሀል የሚዘጋጅ ማስተዋወቂያ ደግሞ በእጅ ያለውን ሁሉ አጠራቅሞ የማውጣት ጉዳይ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ከዚህ በታች ቅደም ተከተሉን አስቀምጫለሁ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ የምታሳዩት ሥራ የሚሰጣችሁን ሥራ ይወስናል። ሎጎ ስታንቀሳቅሱ ያያችሁ ሰው ሎጎ ያመጣላችኋል። ካራክተር ማንቀሳቀስ የምትፈልጉ ከሆነ መታየት ያለበት ካራክተር ነው።

1. ለማን እንደምታሳዩ ወስኑ

ትልልቅ የውጭ ስቱዲዮዎች ሥራውን ከፋፍለው ነው የሚቀጥሩት። አንዱ ሞዴል ይሠራል፣ ሌላው ሪግ (ሞዴሉ የሚንቀሳቀስበትን አጥንትና መቆጣጠሪያ) ይሠራል፣ ሌላው ካራክተር ያንቀሳቅሳል፣ ስቶሪቦርድ (ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳይ ንድፍ) የሚስለው፣ መብራቱን የሚያስተካክለው፣ በመጨረሻም ምስሉን የሚያቀናብረው ሌላ ሌላ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ቦታ «ሁሉንም እችላለሁ» የሚል ሾውሪል ብዙም አይረዳም፤ የሚያየው ሰው የት ክፍል እንደሚያስቀምጣችሁ አያውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ይለያል። የማስታወቂያ ድርጅት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወይም የጤና ትምህርት ቪዲዮ የሚያሠራ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከሐሳቡ እስከ መጨረሻው ሬንደር (ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ያለቀለት ምስል) ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። የጽሑፍ እንቅስቃሴ፣ የአማርኛ ትረካ ላይ የተመሠረተ ማብራሪያ፣ ለልጆች የሚሆን አጭር ታሪክ፣ እነዚህን ማየት ይፈልጋል።

ሁለቱንም በር ማንኳኳት ከፈለጋችሁ ሁለት ሾውሪል አዘጋጁ። በአንድ ሾውሪል ሁለቱንም ለማስደሰት የሚሞክር ተማሪ ሁለቱንም ያጣል።

2. ያላችሁን ሁሉ ሰብስቡ፤ ከዚያ አብዛኛውን ጣሉ

በሃርድ ዲስክ፣ በፍላሽና በትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተበተነውን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገቡ። ያላለቁትን፣ በእርሳስ የተሠሩ ሙከራዎችን፣ ሬንደር ያልተደረጉትንም ጨምሩ። አንዳንዴ መብራትና ቀለም ያልገባበት ግራጫ ሙከራ ካለቀው ፊልም የተሻለ እንቅስቃሴ ይኖረዋል፤ ለካራክተር አኒሜተር ደግሞ የሚታየው እንቅስቃሴው ነው።

አሁን ከባዱ ሥራ ይመጣል። ከሰበሰባችሁት ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ) ብቻ ምረጡ። «ይህ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም፤ ተመልካቹ የፈጀባችሁን ጊዜ አያይም። የሚያየው ክብደት አለው ወይስ የለውም፣ እግሩ መሬት ይዟል ወይስ ይንሸራተታል፣ እጁ ሲንቀሳቀስ ቅስት ይሠራል ወይስ እንደ ማሽን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ካራክተሩ ከመናገሩ በፊት ያስባል ወይስ ከንፈሩ ብቻ ይከፈታል የሚለውን ነው። ደካማ ሾት ከጥሩዎቹ መሀል ሲገባ ደግሞ ጉዳቱ ከራሱ ያልፋል። ቀጣሪው «ይህን ጥሩ ነው ብሎ ካስገባ መለየት አይችልም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል።

በቦታው ላይ የሚራመድ ካራክተርና የምትነጥር ኳስ ሁሉም ተማሪ ያለው ነገር ነው። ልምምድ ናቸው፤ ሾውሪል ውስጥ ግን ብዙ አይናገሩም። እርምጃውን ምክንያት ስጡት። ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ ያዘለች ሴት ዳገት ስትወጣ ወገቧ እንዴት እንደሚያጎነብስ፣ እግሯን ከማንሳቷ በፊት ክብደቷን ወዴት እንደምታዘነብል አሳዩ። የታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ፣ እናት ጀበናውን ከፍ አድርጋ ሲኒ ላይ ስትቀዳ፣ እነዚህ በየቀኑ የምናያቸው፣ ሌላ አገር ያለ ተማሪ ግን የማይደርስባቸው እንቅስቃሴዎች ናቸው። እስክስታማ ለአኒሜተር የተፈጠረ ፈተና ነው፦ ትከሻው ይጀምራል፣ ደረት ይከተላል፣ አንገት ዘግይቶ ይደርሳል፣ ነጠላው ከሁሉም ኋላ ይመጣል። አንድ ክፍል ዘግይቶ የሚከተልበትን ይህን ቅደም ተከተል በትክክል ያሳየ ተማሪ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልገውም። ራሳችሁን ወይም ጓደኛችሁን በስልክ ቅረጹና ከዚያ ተነሱ፤ ከጭንቅላት ብቻ አትሥሩ።

በነጻ የሚገኙ ሪጎችን የምትጠቀሙ ከሆነ ቀጣሪው ያንኑ ካራክተር በብዙ ሾውሪሎች ላይ አይቶታል። ልብሱን፣ ጸጉሩንና ቀለሙን ለውጡ። የአጠቃቀም ፈቃዱንም አንብቡ፤ አንዳንዱ የሠሪውን ስም እንድትጠቅሱ ያስገድዳል።

3. ኤዲቱን አጭር አድርጉ

አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ ተኩል አትለፉ። አርባ ሰከንድ ጥሩ ሥራ ብቻ ካላችሁ አርባ ሰከንድ ይሁን።

ምርጡ ሾት መጀመሪያ ይገባል። ብዙ ተማሪ ምርጡን ለመጨረሻ ያስቀምጣል፤ ቀጣሪው ግን በርካታ ሾውሪል በአንድ ቁጭታ ስለሚያይ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልያዙት ወደ ሌላው ያልፋል። ሁለተኛው ምርጥ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከሁሉም በፊት ሦስት ሰከንድ የማይሞላ ጽሑፍ አስገቡ፦ ስምና የምትፈልጉት የሥራ ዘርፍ። የራስን ሎጎ እያሽከረከሩ አሥር ሰከንድ ማባከን የተመልካቹን ትዕግሥት ይበላል። ማብቂያው ላይ ስም፣ ኢሜይልና ከ+251 ጀምሮ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ለአምስት ሰከንድ ያህል ይቆይ።

በቡድን የተሠራ ሾት ካለ የእናንተ ድርሻ ምን እንደሆነ ጥግ ላይ በትንሹ ጻፉ፤ «አኒሜሽን» ወይም «መብራትና ሬንደር» ማለት ይበቃል። ይህ የጨዋነት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከአንድ ክፍል የተመረቁ ተማሪዎች ለአንድ ስቱዲዮ ሲያመለክቱ ያው ሾት በሁለት ሾውሪል ላይ ይታያል፤ ድርሻ ካልተጻፈ ሁለቱም ይጠረጠራሉ። ሞዴል ሠሪ የሆናችሁ ደግሞ ሞዴሉን ዙሪያውን አዙራችሁ አሳዩ፤ ከመጨረሻው መልክ ቀጥሎ ያለ ቀለም ግራጫውን፣ ከዚያ የመስመር መረቡን (ሞዴሉ የተሠራበትን የመስመሮች መዋቅር) አስከትሉ። ቀጣሪው መረቡን አይቶ ነው ሥራው ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው።

ሙዚቃን በተመለከተ፦ ብዙ ቀጣሪ ድምፁን ዘግቶ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ኤዲቱ ያለ ድምፅም መቆም አለበት። ንግግር ያለበት ሾት ላይ ግን ድምፁ ግድ ነው፣ ሙዚቃ አትደርቡበት። የታወቀ ዘፈን ያለ ፈቃድ አታስገቡ። ዩቲዩብ በራሱ አሠራር ይለየውና ሊያግድባችሁ ይችላል፤ በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቀኛውን መብት ይጠብቃል። ነገ የራሳችሁ ሥራ ያለ ፈቃድ ተወስዶ ማየት አትፈልጉም። ክራር ወይም ዋሽንት የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ አንድ ደቂቃ እንዲቀርጽላችሁ ጠይቁና ስሙን ጻፉለት።

4. ፋይሉን በሁለት መጠን አውጡ

ዋናው ቅጂ 1920 በ1080፣ በኤች.264 የታመቀ ኤምፒ4 ይሁን። በሰከንድ 24 ፍሬም የሠራችሁትን በ24 አውጡት፤ ኤዲቱ ላይ 30 ካደረጋችሁት እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። በሰከንድ 8 ሜጋቢት ብታወጡት አንድ ደቂቃው ወደ 60 ሜጋባይት ይመጣል።

ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ላለ ሰው ሁለተኛ ቀላል ቅጂ ያስፈልጋል፦ 1280 በ720፣ በሰከንድ 2 ሜጋቢት፣ በግምት 15 ሜጋባይት። ይህ ከጂሜይል የ25 ሜጋባይት ገደብ በታች ስለሆነ አባሪ አድርጋችሁ መላክም ትችላላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ላኩ፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ያምቀውና ቀጫጭን መስመሮቻችሁ ይደበዝዛሉ። የፋይሉ ስም የእናንተ ስም፣ ዘርፍና ዓመት ይሁን። «የመጨረሻ_የመጨረሻ_2» የሚል ፋይል ቀጣሪው ኮምፒውተር ላይ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

5. አንድ የማይለወጥ አድራሻ ይኑራችሁ

ሾውሪል በየጊዜው ይታደሳል። ዩቲዩብ ላይ አንዴ የወጣን ቪዲዮ በአዲስ ፋይል መተካት አይቻልም፤ አዲሱ አዲስ ሊንክ ይዞ ይመጣል፣ የቀድሞውን ሊንክ ያተማችሁበት ካርድም ከንቱ ይቀራል። ቪሜዮ ግን ሊንኩን ሳይለውጥ ፋይሉን ለመተካት ይፈቅዳል። ወይም ቀላል የራስ ገጽ ከፍታችሁ ቪዲዮውን እዚያ ላይ አሳዩ፤ ካርዱ ላይ የሚታተመው የገጹ አድራሻ ይሆናል።

ጉግል ድራይቭ የምትጠቀሙ ከሆነ ሊንኩን ከራሳችሁ አካውንት ወጥታችሁ ሞክሩት። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ገጽ የገጠመው ቀጣሪ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይዘጋዋል።

6. ፖርትፎሊዮው አስተሳሰባችሁን ያሳይ

ሾውሪል ውጤቱን ያሳያል፤ ፖርትፎሊዮ ደግሞ እንዴት እንደደረሳችሁበት። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ገጽ ያለው ፒዲኤፍ ይበቃል። ስቶሪቦርድ ካላችሁ አንድ ሙሉ ትዕይንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስገቡ፣ ከየቦታው የተቆራረጡ ሥዕሎች ታሪክ መንገር እንደምትችሉ አያሳዩም። የካራክተር ዲዛይን ከሆነ ፊት፣ ጎንና ጀርባ፣ የተለያየ ስሜት፣ ከዚያ የተዋችኋቸው ሁለት ሦስት ሙከራዎች ይታከሉ።

ከሕይወት የተሳሉ ሥዕሎችን አትናቁ። ሻይ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ መናኸሪያ የሚጠብቁ መንገደኞች፣ ገበያ ላይ የሚከራከሩ ሴቶች፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በፍጥነት የተሳሉ ቢሆኑም ዓይናችሁን ያሳያሉ። ሶፍትዌር መማር ይቻላል፤ ሰውን የማየት ልምድ ያለው ተማሪ ግን ይፈለጋል።

7. ሲቪና ካርድ

ሲቪው አንድ ገጽ፣ ያለ ጌጥ። በብሌንደር፣ በማያ ወይም በቱን ቡም የምትሠሩ ከሆነ ስማቸውን ጻፉ፤ «ብሌንደር 85 በመቶ» የሚል መለኪያ ግን ምንም ትርጉም ስለሌለው አታስገቡ። የሾውሪሉ ሊንክ ከስማችሁ ሥር፣ ከሁሉ በላይ ይቀመጥ። ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ደግሞ አንዴ ወስኑ። ጸሐይ ወይም ይሥሐቅ የሚባል ሰው ስሙን በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በኢሜይሉ ሌላ፣ በሾውሪሉ ሦስተኛ አድርጎ ከጻፈው ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ለካርድ 85 በ55 ሚሊሜትር የተለመደ መጠን ነው። በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ለመቁረጫ ጨምሩ፣ ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ቀለሙ ሲኤምዋይኬ (የማተሚያ ቀለም ሥርዓት) ይሁን። ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲደርስ ይደበዝዛልና አንድ ናሙና ሳታዩ መቶ አታሳትሙ። አማርኛ ጽሑፍ ካለበት ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይራችሁ ወይም ፊደሉ ውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለማተሚያ ቤቱ ስጡ። ያለዚያ የተጠቀማችሁበት ፊደል እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ስማችሁ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታተማል። ኪውአር ኮድ ካስገባችሁ የታተመውን ናሙና በርካሽ ስልክ ሞክሩት።

8. ከመላካችሁ በፊት ለሌላ ሰው አሳዩ

ጓደኛ «ያምራል» ይላል። ስለዚህ መምህር ወይም በሙያው የሚሠራ ሰው ፈልጉና ሳትናገሩ፣ ሳታብራሩ አሳዩት። ካየ በኋላ የሚያስታውሳቸውን ሾቶች ጠይቁት። ማንም የማያስታውሰው ሾት ይውጣ።

መልእክቱ አጭር ይሁን፣ ለሁሉም የሚላክ አንድ ደብዳቤም አይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት፣ የመጨረሻ ዓመት የአኒሜሽን ተማሪ ነኝ። ለልጆች የሠራችሁትን የእጅ መታጠብ ቪዲዮ አይቼ የካራክተሮቹ አካሄድ ስለማረከኝ ጻፍኩልዎት። በካራክተር አኒሜሽን ላይ የተግባር ልምምድ የማደርግበት ቦታ እፈልጋለሁ። የአንድ ደቂቃ ሾውሪሌን ከዚህ በታች ያገኙታል። ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።»

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ በትሕትና አስታውሱ። ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ እስኪኖራችሁ ድረስ ተዉት።

አውሮፓ ውስጥ የምትማሩ ደግሞ የፈረንሳዩን የአንሲ ፌስቲቫል አስቡት። እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚካሄድ፣ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስቱዲዮዎችን ከየአገሩ የሚሰበስብ ነው፤ አጠገቡ የሚካሄደው ሚፋ የተባለው ገበያ ላይ ሥራ ፈላጊዎች ከስቱዲዮዎች ጋር ይገናኛሉ። እዚያ ለመድረስ ሾውሪሉ በግንቦት መጨረሻ ማለቅ አለበት።

ከትምህርት ቤት ውጭ ተከፍሏችሁ የሠራችሁትን ሾውሪል ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የአሠሪውን ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ማስታወቂያው ገና አየር ላይ ካልዋለ። ፈቃዱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ሥራው ሲጀመር ውሉ ውስጥ አንድ መስመር ማስገባት ደግሞ ኋላ ከመለመን ይቀላል።