የአንጀት ብግነት ሕመም፦ አነሣሡና የመድኃኒት አወሳሰዱ

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲይዘን በቅድሚያ የሚጠረጠረው ተዋስያን ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሰገራው ተመርምሮ ተዋስያን ሳይገኝ ተቅማጡ ከአራት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ክብደት መቀነስና ደም ማነስም ከታከሉበት፣ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት፣ ማለትም የአንጀት ግድግዳ መቅላትና ማበጥ፣ መታሰብ ይኖርበታል። ሕመሙ በማንኛውም ዕድሜ ሊነሣ ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ባለው የዕድሜ ክልል ነው።

አነሣሡን ለመረዳት ጤናማ አንጀት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንጀታችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከሰውነታችን የሚለያቸውም አንድ ረድፍ ሕዋሳትና በላዩ የተነጠፈ ዝልግልግ ሽፋን ብቻ ነው። የሰውነት መከላከያ እነዚህን ነዋሪዎች እንደ ጠላት ሳይቆጥር አብሮ መኖርን ተለማምዷል። በዘር የተላለፈ ተጋላጭነት ባለው ሰው ላይ ግን ሽፋኑ ሲሳሳ፣ የባክቴሪያዎቹም ስብጥር ሲዛባ፣ መከላከያው ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ አንጀቱ ግድግዳ ያዘምታል። ችግሩ ዘመቻው መጀመሩ ሳይሆን አለማብቃቱ ነው፤ ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ቲኤንኤፍ የተባለው ንጥረ ነገርና መሰሎቹ ተጨማሪ ሕዋሳትን እየጠሩ ግድግዳውን ያቆስሉታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኖድ2 የተባለው ዘረመል ከሕመሙ ዓይነቶች አንዱ ከሆነው ከክሮንስ ሕመም ጋር መያያዙ ታወቀ፤ ከዚያም ወዲህ ከ200 በላይ የዘረመል ሥፍራዎች ተለይተዋል። ዘር ብቻውን ግን በሽታውን አያመጣም፤ በልጅነት የተወሰዱ አንቲባዮቲኮችና ትምባሆን የመሳሰሉ ነገሮችም ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል። ሕመሙ በጭንቀት ወይም በተበላ ምግብ ጥፋት የመጣ አለመሆኑን ታማሚውም ቤተሰቡም ቢያውቁት ብዙ አላስፈላጊ ወቀሳ ይቀራል።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ከትልቁ አንጀት መጨረሻ፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ጀምሮ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይዘልቃል፤ የሚያቆስለውም የውስጡን ሽፋን ነው። የክሮንስ ሕመም በአንጻሩ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል፣ በተለይም የትንሹን አንጀት መጨረሻ፣ ጤናማ ቦታ እየዘለለ ይይዛል፤ የግድግዳውን ውፍረት ሁሉ ዘልቆ ስለሚገባም የአንጀት መጥበብንና ፊስቱላን (ከአንጀት ወደ ሌላ አካል ወይም ወደ ቆዳ የሚከፈት ያልተለመደ ቀዳዳ) ሊያስከትል ይችላል። ልዩነቱ የሚረጋገጠው በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ትልቁን አንጀት በማየት፣ እና በሚወሰደው ናሙና ነው። የአንጀት ቲቢ የክሮንስን መልክ መስሎ ስለሚታይ፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን መለየት የግድ ነው፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ታማሚው ለእያንዳንዱ የታዘዘለት መድኃኒት ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል፦ ይህ የተነሣውን ለማብረድ ነው ወይስ የበረደው እንዳያገረሽ ለመጠበቅ? እኔ እንደማምነው በአወሳሰድ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው እነዚህን ሁለት ሥራዎች ከማምታታት ነው፤ ማብረጃው ከሚገባው በላይ ይወሰዳል፣ ጠባቂው ደግሞ ሆድ ሰላም ሲያገኝ ይጣላል።

ቀላልና መካከለኛ ለሆነ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የመጀመሪያው መድኃኒት ሜሳላዚን ሲሆን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ለክሮንስ ግን ጥቅሙ ደካማ ነው። ክኒኑ አንጀት ሳይደርስ እንዳይሟሟ ተደርጎ የተሸፈነ ስለሆነ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ቁስሉ በአንጀቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ከሆነ በፊንጢጣ የሚገባው ዓይነት ከሚዋጠው የተሻለ ይሠራል። ብዙዎች በኀፍረት ይሸሹታል፤ አወሳሰዱ ግን ከባድ አይደለም። ፈሳሹ ከሆነ ከመኝታ በፊት ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ፣ ጠርሙሱን መነቅነቅ፣ በግራ ጎን ተኝቶ የቀኙን ጉልበት ወደ ደረት መሳብ፣ ጫፉን በቅባት አለስልሶ ማስገባትና ጠርሙሱን በዝግታ መጭመቅ ነው። በግራ ጎን መተኛቱ ፈሳሹ የአንጀቱን አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ላይ እንዲዘልቅ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቶሎ ቢወጣም ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ብግነቱ ሲቀንስ አንጀቱ መያዝ ይችላል። ሜሳላዚን የሚወስድ ሰው በየጊዜው ኩላሊቱን መመርመር ይኖርበታል።

ሕመሙ ሲበረታ ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል። ይህ ስቴሮይድ ፈጣን ማብረጃ እንጂ ጠባቂ አይደለም። የተለመደው አጀማመር በቀን 40 ሚሊግራም ነው፤ ባለ 5 ሚሊግራሙ ክኒን ከሆነ ስምንት ክኒን ጠዋት ከምግብ ጋር ማለት ነው፤ ከዚያም በሐኪሙ መርሐ ግብር መሠረት፣ ለምሳሌ በየሳምንቱ አንድ ክኒን እየተቀነሰ፣ በሁለት ወር ገደማ ያበቃል። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረቱን ስለሚያዳክመው፣ በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አስጊ ነው። ከሁለተኛው ወር በላይ ያለ እሱ መቆየት ካልተቻለ፣ የስቴሮይዱን ጊዜ ማራዘም ሳይሆን ሌላ ጠባቂ መድኃኒት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋልና።

አዛታዮፕሪን ከእነዚህ ጠባቂዎች አንዱ ነው። ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው አይገባም። ነጭ የደም ሕዋሳትን ሊቀንስና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በተከታታይ ደም መመርመር ግዴታ ሲሆን፣ ለሪህ የሚሰጠውን አሎፑሪኖል የሚወስድ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማነቱ ይብሳል። ለክሮንስ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ መውሰድ ሰው ገድሏልና ቀኑ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ይጻፍ። በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም።

እነዚህ ካልበቁ፣ ወይም ሕመሙ ከመነሻው ከባድ ከሆነ፣ ባዮሎጂካል የሚባሉት፣ ከሕያዋን ሕዋሳት የሚሠሩ መድኃኒቶች፣ ይመጣሉ። ለክሮንስ ሕመም በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍን አንቆ ይይዛል፤ በደም ሥር በመነሻው ዕለት፣ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየስምንት ሳምንቱ ይሰጣል። ቀጠሮ እየዘለሉ መውሰድ ሰውነት መድኃኒቱን የሚቃወም ነገር እንዲያመርት በር ይከፍታል። ተደብቆ የቆየ ቲቢንና ሄፓታይተስ ቢን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ የሁለቱም ምርመራ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ለራስ ምታት ሲባል አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ ሕመሙን ሊያስነሣው ስለሚችል ፓራሲታሞል ይመረጣል። በክሮንስ የተያዘ ሰው ሲጋራ ማቆሙም ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አለው።

የሆዱ መረጋጋት የግድግዳውን መዳን አያረጋግጥም። በሰገራ ውስጥ የሚለካው ካልፕሮቴክቲን የተባለ የብግነት ጠቋሚ ፕሮቲን ታማሚው ምንም ሳይሰማው ብግነቱ መመለሱን ሊያሳይ ይችላል። ሕመሙ ትልቁን አንጀት ከያዘው ደግሞ፣ ምልክቱ ከጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ካንሰርን አስቀድሞ ለማየት ኮሎኖስኮፒ ይደረጋል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን የሚወሰነውም በዚያን ጊዜ በሚታየው ነው።