የሃይቲ ቀጥቃጮች ዘዴ፤ ከድልህ ጣሳ ጉትቻ

የእኛ ሐምሌ ጭቃ ነው። የሃይቲ ሐምሌ ግን ሙቀትና ማንጎ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ብዙ የከተማ ልጆችም ገጠር ወዳሉ አያቶቻቸው ይላካሉ። ገጠሩን በቋንቋቸው "አንዴዮ" ይሉታል፤ "ውጭ" እንደማለት ነው።

ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕሪንስ ብዙም ሳይርቅ ክሯ ደ ቡኬ የምትባል ከተማ አለች። ኖዋይ የሚባለው ሰፈሯ የታወቀው በብረት ቀጥቃጮቹ ነው። ነገሩን የጀመረው ዦርዥ ሊዮቶ የሚባል ሰው ነው። መሣሪያ ይጠግን፣ ለመቃብር የብረት መስቀል ይሠራ ነበር። በ1953 (በፈረንጆች) ደዊት ፒተርስ የተባለ የሥነ ጥበብ ማዕከል መሥራች መስቀሎቹን አይቶ ተደነቀ፤ ሌላም ሥራ እንዲሠራ ገፋፋው። እኛ ዘንድ "ቀጥቃጭ" ለረጅም ጊዜ ስድብ ሆኖ ኖሯል። የሊዮቶ ሥራዎች ግን ሙዚየም ገብተዋል። ባለፉት ዓመታት የታጠቁ ቡድኖች አካባቢውን ስለያዙት ከኖዋይ ብዙ ባለሙያዎች ተሰደዋል። ሙያው ግን አብሯቸው ሄዷል።

ዘዴያቸው ቀላል ነው። ያገለገለ የዘይት በርሜል ይወስዳሉ፤ ሁለት መቶ ሊትር ገደማ የሚይዘውን። ክዳንና ታቹን ይቆርጣሉ። ውስጡን በደረቅ የሙዝ ቅጠል ሞልተው ያቃጥሉታል፤ ቀለሙና ቅሪቱ ይነዳል። ከዚያ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ረግጠውና ቀጥቅጠው ዘርጋ ያደርጉታል። በጠመኔ ሥዕል ይነድፉበታል። የቀረው የመሮና የመዶሻ ሥራ ነው። ምን አለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ያውቀዋል።

ቤት ውስጥ ጉትቻ ለመሥራት ግን በርሜል አትሞክሩ። ላሜራው ለጆሮ ይከብዳል። የዘይት ወይም የነዳጅ ቅሪት ያለበትን በርሜል ማቃጠል ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ትንሿ የድልህ ጣሳ ትበቃለች፤ ግድግዳዋ ሽንሽን የሌለው ለስላሳ ይሁን። ጠንካራ መቀስ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ሁለት ሚስማር፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ወፍራም ጓንት አዘጋጁ። ከሚስማሮቹ የአንዱን ጫፍ በሞረድ አደንዝዙት። መነጽር ካላችሁ አድርጉ።

መጀመሪያ እሳቱ። የጣሳዋን ወረቀት ላጡ፣ ሁለቱንም ጫፍ ክፈቱ፣ እጠቡ። ደጅ ወጥታችሁ ከሰል ላይ አስቀምጡና የውስጡ ቅብ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቁ። ጭሱን አትማጉ፤ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይሁን። በላዩ ያለው ቲን የሚባለው ልባጭ በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀልጥ ብልጭልጩ ይጠፋል፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ይመጣል። እኔ የምወደው እሱን ነው። አንድ ነገር አደራ፦ የጣራ ቆርቆሮ በፍጹም አታቃጥሉ። ዚንክ የተለበጠ ነው፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

በራሱ ሲበርድ ከስፌቱ አጠገብ በመቀስ ሰንጥቁት። ጣውላ ላይ ዘርግታችሁ፣ ጨርቅ ደርባችሁ፣ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አስተኙት።

ቅርጹን ወረቀት ላይ ንደፉ። የኖዋይ ሰዎች ፀሐይ፣ ወፍ፣ ዛፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላሲረን የምትባለውን ግማሽ ዓሣ የባሕር እመቤት ይወዳሉ። ለጀማሪ ግን ቅጠል ይሻላል፤ አራት ሴንቲሜትር ቁመት ይበቃል። ወረቀቱን ቆርጣችሁ ላሜራው ጀርባ ላይ አንዱን እንዳለ፣ ሁለተኛውን ገልብጣችሁ ንደፉ። ካልገለበጣችሁት ሁለት የግራ ጉትቻ ነው የሚኖራችሁ።

አሁን ዋናው ይመጣል። እነሱ መጀመሪያ ቆርጠው፣ ኋላ ነው ጉብ ጉብ የሚያደርጉት። የበርሜሉ ብረት ወፍራም ስለሆነ ይችለዋል። የእኛ ጣሳ ቀጭን ነው። እኔም መጀመሪያ እነሱን መስዬ ቆርጬ ስመታው ቅጠሉ እንደ ድንች ጥብስ ተጠቀለለብኝ። ስለዚህ ሳትቆርጡ ምቱ። ንድፉ ያለበትን ጀርባ ወደ ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን የተጣጠፈ ጋዜጣ ላይ አስቀምጡት። በደነዘዘው ሚስማር የቅጠሉን መስመሮች ተከትላችሁ ነጥብ በነጥብ መታ መታ አድርጉ። በፊት በኩል መስመሩ ብቅ ይላል። ከባድ ምት ይበሳዋል፤ ብዙ ቀላል ምት ይሻላል። የጆሮ ሽቦው የሚገባበትን ቀዳዳ በሹሉ ሚስማር ከፊት ወደ ኋላ ብሱት፤ ከጫፉ ሦስት ሚሊሜትር ራቁ።

ከዚያ ቁረጡ። መቀሱን አጥብቃችሁ አትዝጉት፤ ጫፉ ከተጋጠመ ብረቱ ላይ ጥርስ ይተዋል። ላሜራውን እንጂ መቀሱን አታዙሩ።

ጠርዙ ገና ምላጭ ነው። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይሄ ነው፤ የማያልቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ሞረዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉ። ቀጥሎ 220፣ ከዚያ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት። የቀዳዳውን ጀርባ አትርሱ። ሲጨርሱ የማረጋገጫው መንገድ ጥጥ ነው። ጥጡን በጠርዙ ዙሪያ አሂዱት። አንድ ክር እንኳ ከያዘ አላለቀም።

ትንሽ ሞቅ አድርጋችሁ ንብ ሰም ቀቡትና በጨርቅ ወልውሉት፤ ወይም ቫርኒሽ በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቡ። የተቃጠለው ብረት ልባጩ ስለለቀቀ ላብ ሲያገኘው ይዝጋል። የጆሮ ሽቦውን ግን ከጣሳ አትሥሩ፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ብር ቢሆን ይመረጣል። አንጥረኛ ዘንድ ሁለት መንጠቆ ማሠራት ይቻላል።

ዝገት ብቅ ካለ በ400ው ቁጥር አሹትና እንደገና ሰም ቀቡ። ሲታጠቡ አውልቁት።