የፊት መብራትና የፓርኪንግ አምፖል ራስዎ ሲቀይሩ

የፊት መብራት በአንድ ወገን ሲጠፋ መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አምፖል ነው፤ ሥራውም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ችግር የሚመጣው አምፖሉ ለምን እንደተቃጠለ ሳይታይ ሌላ ሲገባበት ነው። ያኔ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ ይከተለዋል፤ ሲብስም ሶኬቱ አብሮ ይቀልጣል። እዚህ የምናሳየው በመጀመሪያው የቶዮታ ቪትዝ ሞዴል ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተመረተውና መንገዱን የሞላው። አምፖሉ ኤች4 የሆነና ከኋላው የጎማ ክዳን ያለው መኪና ሁሉ አሠራሩ ከዚህ ብዙም አይለይም። መብራቱ ዜኖን ከሆነ ግን አይንኩት፤ ሲለኮስ ከ20,000 ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ የባለሙያ ሥራ ነው።

ኤች4 በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ክር አለው። 55 ዋቱ ለአጭር፣ 60 ዋቱ ለረጅም መብራት ነው። በአንድ ወገን አጭሩ ጠፍቶ ረጅሙ የሚበራ ከሆነ የተቃጠለው አንዱ ክር ነው፤ አምፖሉ ግን መቀየር አለበት። በዚያው ወገን አጭሩም ረጅሙም አብረው ከጠፉ መጀመሪያ ፊውዙን ይዩ። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የግራውና የቀኙ መብራት ለየብቻ ፊውዝ አላቸው። በሁለቱም ወገን አጭሩ ከጠፋ አንደኛው ቀድሞ ጠፍቶ ሳይታወቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። አምፖሎቹ ደህና ከሆኑ ግን ጥርጣሬው ወደ መሪው ማብሪያ ወይም ወደ ሬሌ (በማብሪያው ትእዛዝ ለመብራቱ ኃይል ወደሚያገናኘው ትንሽ ዕቃ) ይዞራል።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም ይሂዱ ሰፈር ያለ መለዋወጫ ሱቅ፣ አሮጌውን አምፖል ይዘው ይሂዱ። በብረት አንገቱ ላይ የሚነበበው 12 ቮልት 60/55 ዋት መሆን አለበት። ለአይሱዙና ለሌሎች የጭነት መኪናዎች የሚሸጠው ባለ 24 ቮልት 75/70 ዋት ኤች4 በመልኩ አይለይም፤ ቦታው ላይም ልክ ይገባል። ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ሲገጠም ግን ቀልቶና ደብዝዞ ነው የሚበራው፤ ሰውም ባትሪውን መጠርጠር ይጀምራል።

«ብርሃን ይጨምራል» ተብሎ 100/90 ዋት ቢሰጥዎት አይቀበሉ። 55 ዋት በ12 ቮልት ወደ 4.6 አምፔር ይስባል፤ 90 ዋት 7.5፣ 100 ዋት ደግሞ 8.3 አምፔር። የፋብሪካው ሽቦና ሶኬት የተሠሩት ለ60/55 ነው። ባለ 10 ወይም 15 አምፔር ፊውዝ 8.3ን ዝም ብሎ ስለሚያሳልፍ ጉዳቱን የሚቀበለው ሶኬቱ ነው። ቡናማ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ከአምፖሉ እግሮች ጋር ተጣብቆ ይቀልጣል። በኤች4 ቦታ የሚገቡ ኤልኢዲ አምፖሎችንም አንመክርም። አንጸባራቂው የተቀረጸው የክሩን ትክክለኛ ቦታ መሠረት አድርጎ ስለሆነ የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ከተዛባ ብርሃኑ ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ብርሃን አነሰ የሚባለው ብዙ ጊዜ በአምፖሉ ጥፋት አይደለም። የሃሎጅን አምፖል ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በመልቲሜትር ባትሪው ላይ ከዚያም ሶኬቱ ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ የዛገ ማሳ (ወደ ቦዲና ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ወይም የላላ ሶኬት አለ ማለት ነው። በአንዳንድ ቶዮታዎች ፖዘቲቩ ሁልጊዜ አምፖሉ ድረስ ይደርሳል፤ ማብሪያው የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ማሳውን ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ቦዲ ላይ አድርገው ሲለኩ ሁሉም እግር 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ መለካት ያለበት በሶኬቱ እግሮች መካከል ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ማንበብ አለበት። 15 ከዘለለ የዲናሞው ሬጉላተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ተበላሽቷል። ቮልት በ5 በመቶ ብቻ ሲጨምር የሃሎጅን አምፖል ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አምፖል በየጊዜው የሚያቃጥል መኪና ሲገጥምዎ መጀመሪያ ይህን ይለኩ።

አሁን ወደ ሥራው። መብራቱን ያጥፉ፣ ቁልፉን ይንቀሉ፣ አምፖሉ ሲሠራ ቆይቶ ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲቀዘቅዝ ይተዉት። ኮፈኑን ከፍተው ከመብራቱ ኋላ ባለሦስት ሽቦውን ሶኬት ያገኛሉ። ሶኬቱን ራሱን ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ እያነቃነቁ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሳቡ። ሽቦውን ይዞ መጎተት እግሩን ከውስጥ ይነቅለዋል፤ በካቻቢቴ መፈልቀቅም የመብራቱን ጀርባ ይሰብራል። ባትሪው ባለበት በኩል እጅ የማይገባ ከሆነ ባትሪውን መንቀል ይሻላል፤ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን።

የጎማ ክዳኑን በጆሮው ይዘው ይላጡት። ከሥሩ አምፖሉን የያዘ የሽቦ መቆለፊያ አለ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ በየት በኩል ይታጠፍ ነበር እያሉ እንዳይቸገሩ። ጫፉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ወደ ጎን ሲያንሸራትቱት ከመያዣው ይወጣና በሌላው ጫፉ ተንጠልጥሎ ይከፈታል፤ ሙሉ በሙሉ አያውጡት። አምፖሉ አሁን በእጅዎ ይወጣል።

አዲሱን በብረት አንገቱ ብቻ ይያዙ። የጣት ወዝ ብርጭቆው ላይ ከቀረ መብራቱ ሲግል ያ ቦታ ለብቻው ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ብርጭቆው ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ብርጭቆውን ከነኩት በአልኮል በራሰ ንጹህ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። በአንገቱ ዙሪያ ሦስት ጥርሶች አሉ፤ ሰፊው ወደ ላይ ይሆናል። የብዙ ሰው ስህተት ያለው እዚህ ነው። አምፖሉ አንድ ጥርሱ ሳይቀመጥ ቢቀር እንኳ መቆለፊያው በግድ ሊዘጋ ይችላል፤ መብራቱም ይበራል፣ ግን ወደ ሰማይ ወይም ወደ ጎን። ሽቦውን ከመቆለፍዎ በፊት አምፖሉን በጣትዎ ለማዞር ይሞክሩ፤ ከዞረ ቦታውን አልያዘም።

የጎማ ክዳኑ «ቶፕ» የሚል ጽሑፍ ካለው ያ ወደ ላይ ይሁን። ዙሪያውን በጣትዎ ይጫኑ፤ ሦስቱም እግሮች በጎማው መሐል ወጥተው በደንብ መታየት አለባቸው። በክረምት የመብራቱን መስታወት ከውስጥ ጭጋግ የሚያለብሰው ብዙ ጊዜ በደንብ ያልተገጠመ ክዳን ነው፤ ርጥበቱ ሲቆይ የአንጸባራቂውን ብር ይልጣል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ሶኬቱን እስከ መጨረሻው ይግፉ።

ብርሃኑን ሜዳ ቦታ ላይ፣ ጎማዎቹ በልካቸው ተነፍተው፣ መኪናው ሳይጫን፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቀው ያዩታል። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከአምፖሉ መሐል ቁመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ሌላም ነገር ይዩ። የጃፓን መብራት በግራ ለሚነዳበት መንገድ የተሠራ ስለሆነ ጠርዙ በግራ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፤ በእኛ መንገድ ያ የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። ይህን አምፖል አያስተካክለውም፤ መብራቱ ራሱ በቀኝ ለሚነዳበት መንገድ በተሠራ መቀየር አለበት።

ፓርኪንጉ ቀላል ነው። ቲ10 የሚባለው፣ ብረት አንገት የሌለው ባለ 12 ቮልት 5 ዋት ትንሽ አምፖል ነው። መያዣውን ሩብ ዙር ወደ ግራ አዙረው ከመብራቱ ጀርባ ያወጡታል፤ አምፖሉን ቀጥታ ይስቡታል፣ አይዞርም። አዲሱን ሲከቱ ሁለቱ ቀጫጭን ሽቦዎች በግራና በቀኝ መታጠፋቸውን ይዩ። አዲስ አምፖል ገብቶም የማይበራ ከሆነ የመያዣው መዳቦች አረንጓዴ ዝገት ይዘው ይሆናል፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ትንሽ ወደ ውስጥ ያጥፏቸው። ቦታው ጠባብ ስለሆነና ፕላስቲኩ ሙቀት ስለማይችል ከ5 ዋት በላይ አያስገቡ። እዚህ ላይ ኤልኢዲ መግጠም ይቻላል፤ ካልበራ ነቅለው ገልብጠው ይመልሱት፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ይለያል።

ከፊት ፓርኪንግ ጋር የኋላው፣ የታርጋውና የዳሽቦርዱ መብራት አብረው ከጠፉ አምፖሎቹን አይፈታቱ። ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ቴይል» የተባለውን ፊውዝ ይፈልጉና በዚያው አምፔር ይቀይሩት። ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ቦዲ ይነካል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም የኋላ በር በሚታጠፍበት፣ ወደ ታርጋ መብራት በሚሄደው የሽቦ ጥቅል ላይ ነው።