"እማዬ አንቺ ተቀመጪ" ማለት ይብቃን፦ ወላጆቻችን እንዳይወድቁ እቤት የምናሠራቸው የባላንስ ስፖርት

ባለፈው እንቁጣጣሽ እናቴ እቤት ውስጥ ወደቀች። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጠዋት ተወልውሎ በደንብ ሳይደርቅ ቄጠማ ጎዘጎዝንበት፣ እሷ ደግሞ ከሰል ልትጨምር ብድግ ብላ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ሲሊፐሯ ሸርተት አለና እጇን ዘርግታ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ፣ ጀሶ ታሰረላት፣ ስድስት ሳምንት።

ይሄን የሚያስጽፈኝ ግን ስብራቱ ሳይሆን እኛ ልጆቿ ከዛ በኋላ ያደረግነው ነገር ነው። ከወንበር አላስነሳናትም። ውሃ ስትል እናመጣለን፣ ልትነሳ ስትል "እማዬ አንቺ ተቀመጪ"፣ ቡና ላፍላ ስትል "ኸረ በፍጹም"። አክብሮት ነው፣ ፍቅር ነው ብለን። ጀሶው ሲፈታ እጇ ድኗል፣ እግሯ ግን ከዳት፤ ከሶፋ ለመነሳት ሦስቴ ወደፊት ወደኋላ ብላ፣ በመጨረሻ የኔን ክንድ ይዛ ነው የምትነሳው። ፊዚዮቴራፒስቱ አይቷት "በእጇ የመጣችው እናት እግሯን እናንተ ጋ ነው ያጣችው" አለን። ያቺን ቃል አልረሳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ዓይኑ፣ የውስጥ ጆሮው፣ የእግር መዳፉና የመገጣጠሚያዎቹ ስሜት ተባብረው መረጃ ስለሚሰጡት ነው፣ ከዛ ጡንቻው ቶሎ ብሎ ያስተካክለዋል። በእርጅና ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሊደነዝዝ ይችላል። ግን ባላንስ ልክ እንደ ጡንቻ በልምምድ ይመለሳል፣ በመቀመጥ ደግሞ ይጠፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ 108 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እቤታቸው የሚኖሩ አረጋውያን ስፖርት ሲሠሩ የሚወድቁበት ብዛት በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል፣ የባላንስና የጉልበት ልምምድ ያለበት ነው ዋናው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአረጋውያን በሳምንት 3 ቀንና ከዛ በላይ እንዲህ ዓይነት ልምምድ ይመክራል። ስለዚህ ዝም ብሎ በእግር መሄድ ብቻ አይበቃም፣ ብዙ ሰው እዚች ላይ ነው የሚሳሳተው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። ባለፈው ዓመት ሁለቴና ከዛ በላይ የወደቀ፣ ሲነሳ የሚያዞረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም በቅርቡ የተሰበረ ሰው ካለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ቦታው ወጥ ቤት ነው፣ ሲንኩ ጋ። ሲንክ ከሌለ ከባድ ጠረጴዛ። ከኋላ ወንበር ይቀመጥ፣ ግን የፕላስቲኩ ወንበር አይሆንም፣ ቀላል ስለሆነ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፣ የእንጨቱን ግድግዳ አስደግፉት። በርጩማም አይሆንም፣ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ ይከብዳል። እግር ላይ ካልሲ ብቻ ወይ ሲሊፐር አይደረግ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። እናንተ ደግሞ ጎን ቁሙ፣ አትያዟቸው፣ እጃችሁ ብቻ ቅርብ ይሁን።

መጀመሪያ መነሳትና መቀመጥ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጣ ብለው ይቀመጡ፣ እግራቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደኋላ ይሳቡ፣ ከዛ አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪመጣ ጎንበስ ብለው ይነሱ። ብዙ አዛውንት የሚያቅታቸው ጎንበስ ስለማይሉ ነው፣ ወደኋላ ተለጥጠው ሊነሱ ይሞክራሉ፣ እናቴም እንደዛው ነበረች። ዋናው ጉልበት ያለው ግን ሲቀመጡ ነው፤ ዷ ብሎ መውደቅ የለም፣ ቀስ ብሎ፣ እየቆጠሩ፣ ወንበሩ እስኪነካ። እናቴ በ5 ጀመረች፣ በሁለቱም እጇ ተደግፋ፣ ከወር በኋላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ 10 ደረሰች።

ቀጥሎ ሲንኩን ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ 10 ጊዜ፣ ከዛ በተቃራኒው ጣት ማንሳት 10 ጊዜ፣ ከዛ አንድ እግር ወደ ጎን ማንሳት፣ በየእግሩ 8 ወይ 10። እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ብዙ ማብራራት አያስፈልጋቸውም።

አቋቋሙ ላይ ግን ረጋ በሉ። አራት ደረጃ አለው። አንደኛ ሁለቱን እግር አጣብቆ መቆም። ሁለተኛ አንዱን እግር ግማሽ ያህል ወደፊት ማስቀደም፣ የፊተኛው ተረከዝ ከኋለኛው አውራ ጣት ጎን እንዲሆን። ሦስተኛ እግርን በአንድ መስመር፣ የፊተኛው ተረከዝ የኋለኛውን ጣት ነክቶ። አራተኛ በአንድ እግር። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ። ሦስተኛውን ሳይደገፍ 10 ሰከንድ መቆም ያልቻለ ሰው የመውደቅ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው፣ ሐኪሞችም ይሄንኑ አቋቋም መለኪያ አድርገው ይጠቀሙበታል። አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ቀጣዩ አትዝለሉ። አያያዙም ደረጃ አለው፦ በሁለት እጅ፣ በአንድ እጅ፣ በሁለት ጣት፣ ከዛ እጅን ከሲንኩ በላይ ሳያስነኩ።

እናቴ ሰከንድ መቁጠር ይሰለቻታል። ስለዚህ አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፣ ረጋ ብላ ስትለው 10 ሰከንዱን አልፎ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ጣቶቿ ሲንኩን ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ ጨብጠው፣ "ፈቃድከ" ላይ ስትደርስ ቁርጭምጭሚቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንቀጥቀጡን እንዳትፈሩት፣ እግሩ እየሠራ ነው ማለት ነው። አሁን ጠቋሚ ጣቷን ብቻ አስነክታ እስከ "አሜን" ትደርሳለች።

ከዛ መራመድ። ኮሪደሩ ላይ በአንድ እጅ ግድግዳ እየነኩ ወደ ጎን 10 እርምጃ፣ ተመልሶ 10፣ ሲለመድ ደግሞ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ ወደፊት። ሁሉም ተደምሮ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ እኛ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ አድርገነዋል። ሲቆም ጥቅሙም አብሮ ይቆማል፣ ስለዚህ ተሽሏታል ብላችሁ እንዳትተዉት።

ስግደትንም አትናቁት። ጎረቤታችን ያሉ ሐጅያ ከእናቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ግን ዕድሜ ልካቸውን አምስት ጊዜ ሶላት ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ስለኖሩ ከመሬት ሲነሱ ምንም አይደገፉም። እናቴ ከወደቀች በኋላ ስግደት ትታ ነበር፣ አሁን ወንበር አጠገቧ አድርጋ ቀስ በቀስ ጀምራለች።

በፆም ሰሞን ሰዓቱን ቀይሩት፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ ጠዋት አታሠሯቸው፣ በተለይ የግፊት ወይም የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ተኝተው የተለኩት ግፊት ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር በ20 እና ከዛ በላይ ከወረደ ለሐኪም ንገሩ፣ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ሌሊት ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ደቂቃ ይቆዩ፣ ባትሪ ትራሳቸው ሥር ይሁን፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅማ።

ቤቱን በተመለከተ፣ ቄጠማ አትጎዝጉዙ አልልም፣ በዓል ያለ ቄጠማ አይሆንም፣ ግን ወለሉ ደርቆ፣ እናት የምትመላለስበት መንገድ ባዶ ሆኖ። የምንጣፉ ጫፍ የተጠቀለለ ከሆነ ይነሳ። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ካለ አሳጥሩት። ደረጃ ላይ ሁሌም አንድ እጅ ድጋፉ ላይ፣ ዘንቢሉን ሌላ ሰው ይያዝ፣ ክረምት ላይ ደግሞ እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ ጭቃ ሲለብስ እንደ ሳሙና ነው፣ ያን ጊዜ ከዘራ አያሳፍርም። ከዘራ የሚያዘው በሚያመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው፣ ቁመቱም ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ሲያወርዱ የእጅ አንጓቸው ጋ የሚደርስ።

ከወደቁ ደግሞ ተሯሩጣችሁ ብብታቸው ሥር ገብታችሁ አታንሷቸው። ዳሌያቸውን ወይ ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወይ ጭንቅላታቸው ከተመታ አታንቀሳቅሷቸው፣ ጋቢ አልብሳችሁ 907 ቀይ መስቀል ደውሉ፣ ራጅ ሳይነሱ ወጌሻ ጋ አትውሰዷቸው። ምንም ካልሆኑ ግን ራሳቸው ይነሱ፦ በጎን ይዙሩ፣ በክርናቸው ተደግፈው በአራት እግር ይሁኑ፣ ወንበር አምጡላቸው፣ ሁለቱን እጅ ወንበሩ ላይ አድርገው ጠንካራውን እግር ያስቀድሙና ዞር ብለው ይቀመጡ። ይሄን ደህና በሆኑበት ቀን ፍራሽ ላይ አለማምዷቸው። እኛ አንድ እሁድ ከሰዓት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ሠራነው፣ እናቴ አራተኛው ላይ ብቻዋን ተነሳች፣ ከዛ በኋላ ብቻዋን ስትሆን ስልኳን በማንጠልጠያ አንገቷ ላይ አድርጋ ነው ቤት ውስጥ የምትንቀሳቀሰው።